ቁጥር አንድ

ሄርማታ ዝናብ ነው፤ መብራት ሄዶ መጣ፣
ሰርቨሩ ነቃና ዳታቤዙ ተኛ፤ ውጤት ከየት ይምጣ?
ከላይ ይደውላሉ፦ «የደሙ ምርመራ፣ አራት ቁጥር አልጋ!»
ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ በስልኬ ባትሪ፣ ደረጃ ስፈልግ፣ ግድግዳ ስጠጋ።

ተማም ቀድሞኝ ደርሷል፤
በርጩማው ላይ ሆኖ ስክሪፕት ያነባል።

«ይኸውልሽ» አለኝ፣ «ጥፋቱ ይታያል፤
ዲስኩ ሳይከፈት ዳታቤዙ ሮጧል።
ሃያውን ሠላሳ ብዬ ብለውጠው ነገር ይሰክናል።
ሁሉም በየተራው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፤
ምን ተደብቆበት፣ ምን ያሻዋል መላ?»

«ተራውን ማን ያውቃል? አንተ ነህ፣ አንተው ነህ፤
መብራት የሚጠፋው ሰቃ የሄድክ ዕለት፣ ሠርግ ተጠርተህ።
አዲሱን እንትከል፤ ማን ማንን እንደሚሻ አንዴ ይነገረዋል፣
እኩል ያስነሣቸዋል፤ የወደቀ ካለ መልሶ ያቆማል።»

«ያ ሆዳም!» አለና ከመነጽሩ በላይ ዐይኑን አፈጠጠ፤
«አስጀምር ቢባል፣ ሰዓቱን፣ መዝገቡን፣ መግቢያውን ዋጠ።
የጻፈውን እንኳ ያለ አስተርጓሚ ማን አንብቦ ያውቃል?
እኔ ትንሽ ዕቃ፣ አንድ ሥራ ያለው፣ እሱ ይበቃኛል።»

«የተቀመጥክበትስ?»
ጎንበስ ብሎ አየው፤
ከአንድ ግንድ የወጣ፣ ሚስማር ያልነካው፣ የጅማ በርጩማ ነው።
ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም፦ «አንድ እግሩ ቢሰበርስ?
እግር ለብቻው አይገዛ፤ ሁለመናው ነው ምድጃ የሚደርስ።»

መልስ አጣሁ።

እኩለ ሌሊት ላይ፣ ባሮጌ ላፕቶፕ፣ ሁለቱን ሞከርን፤
ዳታቤዙን ሆን ብለን ገደልን።
የሱ ዝም። የኛን እጅ ይጠብቃል።
የኔ፣ አንድ፣ ሁለት ሳንል፣ ተነሥቷል።

ከዚያ እናቲቱን ገደልን፤ የወለደቻቸው ሥራዎች ሜዳ ላይ ቀሩ፤
በሱም በኔም ግን ቁጥር አንድ ወሰዳቸው፤ በስሙ ተቆጠሩ።
«ጉዲፈቻ» አለ ተማም፤
ሌላ ቃል አልጨመረም።
ቤቱ አራት ልጅ አለ። ሁለቱ የመጡት ወንድሙ በሞተ ዓመት ነው።

ሊነጋጋ ሲል፦ «ያንቺው ይሁን፤ ግን መዝገቡ በግልጽ ጽሑፍም ይቀመጥልኝ፤
ሳረጅ፣ ለምን እንደወደቀ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ላንብብ» አለኝ።

ጻፍኩለት።
ዝናቡ አላባራም። አምፖሉ አንዴ ብልጭ፣
ጭልም።
ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን
ቁጥር አንድን ጠበቅን።