የሰር ዋሪን ሐረግ

ሰር ዋሪን ታመመ፣ በሽሮፕሻየር ክረምት፣
ጭጋግ ግንቡን ውጦ፣ ሰቨርን ወንዝ ሞልቶበት።
አባ ኦስበርትን ጠራ፦ «ዘሬን ቆጥረህ ጻፍልኝ፤
ባሕር ከተሻገረ፣ ጀግና ጋር ቀጥልልኝ።»

አባቱ ባለ ግንብ፤ አያቱ ጋሻ ጃግሬ፤
እስከዚህ ጣፋጭ ነው፣ የሐረጉ ፍሬ።
ሥሩ ጋ ሲደርስ ግን፣ ቀለሙ ደረቀ፤
«ሮልፍ፣ ልጓም ሠሪ»፤ ኦስበርት ተሳቀቀ።

«ልፋቀው?» አለና፣ ቢላውን አወጣ።
ሽማግሌው ሳቀ፣ ሳሉ እስኪመጣ።
«ተወው። ዕድሜ ልኬን፣ በፈረስ ጋለብሁኝ፤
አፉ ላይ ያለውን፣ ማን ሠራው አላልሁኝ።»

በደብሩ ወለል ላይ፣ ያንበሳው ምስል አልቋል፤
የድንጋይ ጣቱ ግን፣ ልጓሙን ጨብጧል።

«ዘር ከልጓም ይስባል»፣ ይባላል በእኛ አገር፤
እሱ ቤት ግን ዘሩ፣ ራሱ ልጓም ነበር።