ሻይ የነካው ዘንዶ

ዋንጋኑዪ ሳለን፣ ከወንዙ ማዶ ሰፈር፣
አንድ መጽሐፍ ነበር።
ጀርባው በፕላስተር የታሰረ፣ ማዕዘኑ የተላጠ፣
ከቤተ መጻሕፍቱ በእኔ ስም ወጥቶ፣ ታውሪ ጋ የተቀመጠ።

ታላቄ ነው ታውሪ፤ በአንድ ዓመት ብቻ፣ በጉራ ግን በብዙ ዓመት፤
ገጹን ቀድሞ ይጨርስና፣ ጣቱን ከሥሩ ሰክቶ ይጠብቀኛል በኩራት፤
እኔ ቀስ እላለሁ፣ ፊደሉን እንደ ዓሣ እሾህ እየለቀምሁ በፍርሃት።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ዘንዶው ከዋሻ ይወጣል፤
እዚያው ላይ ደግሞ፣ ከእኛ በፊት ያነበበ አንድ ሰው ሻይ ደፍቶበታል።
ቡናማ ክብ፣ ጠርዙ የጠቆረ፣
ሁለት መስመር ሙሉ የሰወረ።
ከእድፉ በላይ፦ «አንገቱን አወጣ፤»
ከእድፉ በታች፦ «መንደሩ ጸጥ አለ፤ ውሻ እንኳ ድምፅ አጣ።»

መሐሉን ማንም አልጻፈልኝም፤
ዘንዶዬ ቡናማ ሆነ፤ ሌላ ቀለም አልመጣልኝም።
ጠርዝ ጠርዙ ላይ የሚጠቁር፣ እንደ ከረመ ሻይ፣
አንዳንድ ሌሊት ከወንዙ የሚረዝም፣
አንዳንዱን አልጋዬ ሥር የሚታጠፍ፣ ሳላይ።

የታውሪ ግን ሌላ ነበር። «ሞኝ! ምን ቆዳ አለው?» ይለኛል፤
«እንደ ወደቡ ክሬን ነው፤ ሲነሣ ብረት ብረት ይሸተኛል።»
አንድ ገጽ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ የእጅ ባትሪ፤
ሁለት ዘንዶ ያደረ፣ ሳይነካካ፣ በእኔና በታውሪ።

ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ።
አሁን ዌሊንግተን ነኝ፤ ነፋሱ ጃንጥላ እየገነጠለ፣ ቆብ እያንሳፈፈ።
ሥራዬ በኮምፒውተር ዘንዶ ማልበስ ነው፣ ቅርፊት በቅርፊት፤
አራት መቶ ሺህ ቅርፊት፣ ጥላዋ ለየብቻ፣ ከብርሃን ጋር ፊት ለፊት።
ያው መጽሐፍ ነው፣ ያው ዘንዶ፤ ገንዘብ ያለው ገዛው፤
የእኔ ድርሻ የግራ ክንፉ ሆነ፣ ቀኙን ሌላ ሰው ያዘው።

«ቀለሙስ?» አለ ዳይሬክተሩ።
አሥራ አንድ ሰው ዝም አልን።
መቼም ይህን የጠየቀን አልነበረም፣ ስናነብ።

አዲስ ቅጂ ገዛሁ፣ እድፍ የሌለው፤ ገጹን አወጣሁ፤
«እንደ ቆመ ውሃ አረንጓዴ» ይላል፤ ወንበሬ ላይ ደረቅሁ።
አረንጓዴ!
ልጅነቴን ሙሉ የፈራሁት የማላውቀውን ሰው ሻይ ነው እንዴ?

እሱም አልጸደቀ፤ «ከጫካው ጋር ይጠፋል» ተባለ፤
ግራጫ ሆነ፤ «በግራጫ ላይ እሳት ያምራል» አንዱ አለ።

መጽሐፍ «ጥርስ» ሲልህ፣ ጥርሱን ከራስህ አፍ ነቅለህ ታመጣለህ፤
ስክሪኑ ግን ያለቀ ጥርስ ያቀርብልሃል፣ የተወለወለ፣
«እንካ፣ ፍራ» ብሎህ።

ላመስግነው ደግሞ፦ የእኔ ቡናማ ዘንዶ ክብደት አያውቅም ነበር።
የፊልሙ ግን ኮረብታ ላይ ሲያርፍ፣ ድንጋዩ ሲሰበር፣
እያንዳንዷን ጠጠር ማን እንደበተናት እያወቅሁ፣
እግሬን ወደ ወንበሩ ሰበሰብሁ።

አንድ ነገር ሰርቄያለሁ።
የግራው ክንፍ ሲታጠፍ፣ ከጅማቱ ሥር፣ ዓይን በማያርፍበት፣
ቡናማ ክብ አኖርሁ፣ ጠርዙ የጠቆረ፣ የሻይ ኩባያ ስፋት።
ዘጠኝ ምስል ያህል ይታያል፤ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም።
ለአለቆቼ አልነገርኳቸውም፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ታውሪ ፊልሙን ያየው እዚያው፣ ዋንጋኑዪ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ነው፤
የጭቃ ማውጫ ጀልባ ላይ ይሠራል፤ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ቅባት አለው።
እስኪያልቅ ቃል አልወጣውም።
መኪናው ጋ ስንደርስ፦ «እድፉን አየሁት» አለኝ።
ከዚያ ቁልፉን እየፈለገ፣ ከኪስ ወደ ኪስ፦
«ያን ሻይ የደፋሁት እኔ ነኝ። ቀድሜሽ ሳነብ።
እንዳትቆጪ ብዬ ዝም አልኩ።»

«እንግዲያ ከሥሩ ያለውን ታውቅ ነበር? አረንጓዴ መሆኑን?»
«አንብቤው ይሆናል» አለ፣ እየከፈተ በሩን፤
«የኔ ግን ክሬኑ ነበር።»

በወንዙ አፍ ክሬኑ ቆሟል፤ ዝናብ ይወርድበታል፤
ታውሪ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «አሽትቺ» አለ። «ይሸታል።»