«ከባድ ላይ አድርግልኝ»

ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣ በድሮው ባቡር ጣቢያ፣
ሁለት ቴሌቪዥን፣ አምስት ወንበር፣ አንድ ማራገቢያ፤
ጌም ቤቴ ይህች ናት።
የአዳማ ፀሐይ ከቆርቆሮው ወርዳ እንደ ድስት ክዳን ስትደፋባት
ልጆቹ በላብ ርሰው ይጋፋሉ፣
«ቀጣዩ እኔ ነኝ፣ ብሬ ይኸው» ይላሉ።

የሚያዋጣኝ ኳሱ ነው። ኳስ ማን ይጠላል?
ግን አንድ ሲዲ አለ፣ ፊቱ የተጫረ፣ አልፎ አልፎ ይጫናል።

ቦታው ባዶ ሆቴል ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ባትሪ፣ ስድስት ጥይት፣
ከፎቅ ወደ ፎቅ ሽሽት፣ ንጋት በሌለው ሌሊት፤
ከኋላ ደግሞ እሱ አለ፣
ኮቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የተንጠለጠለ፣
የማይሮጥ፣ የማይናገር፣
ብትተኩስበት ለአርባ ቁጥር ያህል ተንበርክኮ፣
ኮቱን አራግፎ ለመነሣት የማይቸገር።
ልጆቹ «አከራዩ» ይሉታል፣ ሳያንኳኳ ስለሚገባ፤
እኔም እስቃለሁ። እስቃለሁ እንጂ፣
የራሴው አከራይ ኮቴ ይሰማኛል ወር በገባ።

ሲጀምር ይጠይቃል፦ ቀላል? መካከለኛ? ከባድ?
ይኼኔ ነው ወንዱ ሁሉ ወደ ጆሮዬ የሚወርድ፦
«ነስሩ፣ ቀላል ላይ አድርግልኝ፣ ስክሪኑን በጀርባህ ሸፍን»፤
ውጪ ወጥቶ ከባዱን እንደ ጨረሰ ሲያወራ
አላጋልጠውም፤ ከፍሎኛል ሒሳቡን።

ሌንሳ ግን የምትመጣው ጠዋት ነው፣ በሬን ገና ሳነሣ፣
ከድንገተኛ ክፍል አድራ፣ ጫማዋ ላይ የአዮዲን ጠባሳ፣
ዳቦዋን በፌስታል ይዛ፤
ከማራገቢያው ፊት ትቀመጣለች፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምዝዛ።
«ከባድ ላይ አድርግልኝ» ትላለች ድምጿን ሳትቀንስ፣
ሻይ የምታዝ ይመስል፣ ስኳሩ እንዲቀነስ።

ተኩሳ አታውቅም።
ስድስቱ ጥይት እስከ መጨረሻው ስድስት ነው፤ አትነካውም።
ኮቴውን ትቆጥራለች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤
ደረጃው ላይ ሰባት፣ ምንጣፉ ላይ ይጠፋል፣ እንጨቱ ላይ...
«አሁን» ትላለች፣ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።
ቁም ሳጥን ውስጥ ትገባለች፣ በስንጥቁ የኮቱ ጫፍ ያልፋል፤
ማራገቢያው እንኳ ያኔ ቀስ ብሎ የሚዞር ይመስላል።

አንድ ቀን ጠየቅኳት፦ «ቀላሉ እያለ ምን ያስጨንቅሻል?
ሌሊቱን ቆመሽ አድረሽ፣ ደሞ እዚህ ማን ያሳድድሻል?»
ዳቦዋን ቆረሰች፣ ግማሹን ለኔ ሰጠች፣
ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል እንዲህ አለች፦

«ሞክሬዋለሁ ቀላሉን። እዚያ ጥይቱ ይበዛል፣
መድኃኒት በየመሳቢያው፣ ቁልፉ ራሱ ያበራል።
እሱ ግን ያው ነው፣ ነስሩ፤ አንዲት ክር ከኮቱ አይጎድልም፣
ቀላል ማለት ላንተ ተጨመረልህ እንጂ፣ እሱ አይሞትም።
ያን ሁሉ ጥይት ሳይ የምገድለው መሰለኝ፤
ስተኩስ፣ ስተኩስ፣ ኮቴ መስማት ረሳሁ፤
በሌላው በር ዞሮ ያዘኝ።»

ከዚያ ዝም።
ቆይታ፣ ለኔ ይሁን ለዳቦው እንጃ፦
«ዛሬ ሌሊት ከሞጆ መንገድ የአይሱዙ ረዳት አመጡልን፣ ልጅ ነው፤
እስከ አሥር ሰዓት አዘገየነው።»
ማንን እንዳዘገዩ አልጠየቅኩም።

በዚህ መሐል መብራት ሄደ።
ከኮረብታው ላይ ነጫጮቹ የነፋስ ማማዎች ይዞራሉ፣
ለማን እንደሆነ እንጃ እንጂ፣ መብራት ይሠራሉ፤
እኛ ጋ ጨለመ፣
ሴቭ ያልተደረገ ሦስት ፎቅ እዚያው ከሰመ።
እኔ ተራገምኩ፤ እሷ ሣቀች፣
«እሱም አብሮ ጠፋ እኮ» አለች፣
ሒሳቧን ባንኮኒው ላይ አኑራ
«ፍራንኮ!» ብላ ባጃጅ አስቁማ ሄደች።

ማታ፣ ልጆቹ ሲበተኑ፣ ብቻዬን ከፈትኩት፤
ማንም በሌለበት ስክሪኑን በጀርባዬ ሸፍኜ
ቀላሉን ነካሁት።
ኪሴ በጥይት ተሞላ።
ከላይኛው ፎቅ፣ ኳ።
አንድም አልተኮስኩ።
ማራገቢያውን አጥፍቼ ከላቤ ጋር ተቀመጥኩ፤
ደረጃው ላይ ነው።
አንድ። ሁለት።
መቁጠር ጀመርኩ።