ኅዳግ

በጌንት ከተማ፣ ከቦዩ ዳር ቤት፣
ጎደሊቭ ትነሳለች፣ ገና ሳይነጋ፣ በሌሊት፤
የሟች ባሏን ካፖርት ትከሻዋ ላይ ጥላ፣
ደረጃ ትወርዳለች፣ ከድመቷ ኋላ፣
ከድልድዩ እግር ሥር፣ ቁጥር ከተቀረጸበት ድንጋይ፣
ውሃው የት እንደ ደረሰ ጎንበስ ብላ ልታይ።
ሁለት ሜትር ከአርባ። ተመልሳ ትወጣለች፣
ያንኑ ቁጥር ብቻ ገጹ ላይ ትጽፋለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት የማውሪትስ ሥራ ይኸው ነበር፤
አንድ ቁጥር፣ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ዝም፣ እንደ ተዘጋ በር።
መጀመሪያ በጠመኔ፣ ከደጃፉ ሰሌዳ፣
ኋላም በኮምፒውተር፣ የልጅ ልጁ ባሰናዳለት ሜዳ፤
ነጭ በነጭ ላይ ነጭ፣ መሃሉ ላይ ውሃው፣
ጀልባ ነጂ ሁሉ በጨረፍታ የሚያየው።

እኔ ገጽ ሠሪ ነኝ። ሙያዬ ባዶ ቦታ መጠበቅ፣
ፊደል ከፊደል ምን ያህል እንደሚርቅ ማወቅ።
"ምን ሠራህ?" ሲሉኝ "አጠፋሁ" እላለሁ፤
ሳልሠራ በተውኩት እንጀራ እበላለሁ።

በመጋቢት ጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ የሂሳብ ወረቀት፣
የዓመቱ ዕዳ በዩሮ፣ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት።
"ጡረታዬ ለድመቷም አልበቃ። ይኸው ሁለት ደብዳቤ፤
አንብበህ ንገረኝ፤ የማውሪትስ ገጽ ነውና ፈርቷል ልቤ።"

አንደኛው ከቁማር ቤት፤ ገንዘቡ ከኪራይ አልፎ ለሚያፈስ ጣሪያ፤
የሚፈልገው ግን በቁጥሩ ላይ መጋለብ፣ ያለ ልጓም፣ ያለ ማሰሪያ፤
ብልጭ ድርግም እያለ፣ የመዝጊያዋን ምልክት ትንኝ አሳክሎ፣
ከደጅ ሲያባርሩት በመስኮት መመለስ፣ "ዛሬ ያንተ ቀን ነው!" ብሎ።

ሁለተኛው ከቬርለ፤ ገመድና ቦት ጫማ ትሸጣለች።
"ገንዘቤ ትንሽ ነው። ሁለት መስመር ትበቃኛለች፣
ከታች፣ ከኅዳጉ፤
ማንም ባያያት፣ እኔ አውቃለሁ፣ እዚያ አለች።"

ሁለቱንም ጠላሁ። ሙያዬ ነው ኩራቴ፤
"ነጩ አይነካም!" አልኩ፣ ክንዴን አጣምሬ በደረቴ።
ሳቀችብኝ፦ "ልጄ፣ ምንም የማይነካው መቃብር ብቻ ነው።
እኔ ጉንጬ ላይ ጥቁር ነጥብ አለኝ፤
ማውሪትስ አንድ ቀን 'አጥፊው' አላለኝም፤ ያውም ሲስመኝ እዚያው ነው።"

ዝም አልኩ። በኔ ቋንቋ ገጽ ማለት ፊትም ነው፤
ማርያም የሳመችውን ጉንጭ ማን ነው ቆሻሻ የሚለው?

የቁማሩን ደብዳቤ አራት አጥፋ ለሚወላገደው የጠረጴዛ እግር ሰጠች።
የቬርለን አነሳች፦ "ፍጠኑ! ግዙ! ምርጥ ቦት ጫማ!"
"ፍጠኑ ይውጣ፤ ቦይ ዳር የሮጠ ይወድቃል" አለች፣ "ሰው ከሰማ።"
"ግዙ"ንም ሰረዘች። "ምርጥ" ላይ ጥቂት አሰበች፤
"ባለፈው ክረምት ገዝቼ ነበር። ውሃ አላስገባም" ብላ ተወች።

እኔ ቀለሙን ከቦዩ ወሰድኩ፣ የዝናብ ዕለት አረንጓዴ፤
ከቁጥሩ ሥር ስድስት ጣት ባዶ ተውኩ፣ እንደ ልማዴ።
"ማስታወቂያ" ብዬም ጻፍኩበት፣ በትንሹ፣ ማንነቱን እንዳይደብቅ፤
ጨዋ እንግዳ ከደጅ ቆሞ ነው፣ ግባ እስኪባል የሚጠብቅ።

ኅዳር ላይ ውሃው ወጣ። ሦስት ሜትር ከአሥር። ሲመሽ ከሃያ።
ጎደሊቭ በባትሪ ወረደች፣ የድልድዩ ብረት ሆኗት መደገፊያ።
ከተማው በየስልኩ ያንን ቁጥር አየ፤ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፣
ስድስት ጣት ባዶ ተሻግሮ ከኅዳጉ ሲደርስ፣ እግሩ ወደ ቬርለ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ደወለች፦ "ጫማው አልቋል፣ አውጡልኝ፤
ሰው በዚህ ዝናብ ለባዶ መደርደሪያ እንዳይመጣብኝ።"

አወጣሁት። ገጹ ነጣ፣ እንደ ጥንቱ፣ እኔ እንደምወደው።
ቁጥሩ ብቻ፤ ሦስት ከአምስት፣ እየወረደ ነው።
ብዙ አየሁት። ዓይኔ ወደ ታች ይሄዳል፣ የሚያርፍበት አጥቶ ይመለሳል።

ጎደሊቭ ከኋላዬ መጥታ፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችው፤
"ምነው" አለች፣ "ጉንጩ ላይ የነበረውን ምን አገኘው?"