ጉዳዩ፦ ስለ ቀኝ እጄ

ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር፣
ከአሮጌው ጥድ ሥር፣
ሃያ ስምንት ዓመት የሰው እሮሮ ስቋጥር፣
«አመልካች»፣ «ተጠሪ» ስል፣ ካርቦን ስደረድር፣
ፊደሌ ቀጥ ያለ ነበር እንደ ጦር፤
ዳኛው ያለ መነጽር ያነበው ነበር።

አምና ሰኔ ላይ ነው ነገሩ የጀመረኝ።
«ለ» ጉልበቷ ከዳት፤
«ዐ» ክብነቷ ጠፍቶ ድንች መሰለችኝ።
ብዕሩን ሳስቀምጥ እጄ ጸጥ ይላል፤
ላነሣው ስል ግና እንደ ወንፊት ይርገፈገፋል።
ባለጉዳይ አይቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ወደ ጎረቤቴ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል።

«አረቄ ነው» አሉ።
ሐሰት ነው አልልም፤ አንድ መለኪያ ስልስ
ለአንድ ማመልከቻ ያህል ይረጋል፣ ፊርማው እስኪደርስ።

ባንክ ሄድኩ። የድሮው ፊርማና የዛሬው አልገጥም አለ።
ሦስቴ አስፈረመችኝ፤ ሦስቱም የሦስት ሰው መሰለ።
ከዚያም በትሕትና፣
«ጋሽ ልመንህ፣ በጣትዎ ያድርጉት» አለችና
ሰማያዊውን ቀለም ገፋ አደረገችልኝ።
እኔን! የስንቱን ፊደል ያልቆጠረ ጣት ይዤ ቀለም ያስነካሁትን!

ሐኪሟ ልጅ ናት፤ ድምጿ ግን የችሎት።
«ጭንዎ ላይ ያሳርፉት።» ተኛ።
«ይዘርጉት።» ነቃ።
«ከአፍንጫዎ ወደ ጣቴ።» እንደ ትንኝ ዞረ።
ውሃ ከብርጭቆ ብርጭቆ አስገለበጠችኝ፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።
«ቀንድ አውጣ ይሳሉ፣ ከመሐል ጀምረው፣ ክንድዎን ሳያስደግፉ።»
መስመሮቼ እንደ ጮቄ መንገድ ተጠማዘው አረፉ።

አንገቴን ዳሰሰች፣ እንቅርት ፈልጋ፤ ደሜን ላቦራቶሪ ላከች።
አራመደችኝ፤ ክንዴን አጠፈች፣ ዘረጋች።
«አስም አለብዎ? ሌላ መድኃኒትስ? ሲጠጡ ይረጋል?»
አፈርኩ። «አዎ።»
አልሳቀችም። ጻፈችው።
«ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ነበር? እናት? አባት?»

አባቴ ይርሳው።
ሲናን፣ የወሰን ክርክር ቀን፣
ወንጌል ይዞ ሊምል እጁን ሲያነሣ፣
መጽሐፉ በመዳፉ ላይ እንደ ያዙት ዶሮ ሲፈራገጥ፣
አንድ ሽማግሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
«እውነት የያዘ እጅ አይንቀጠቀጥም» አለ፤ በዚያው ተፈረደ።
ማሳችን፣ ከኮሶው እስከ ምንጩ፣ ለጎረቤት ሄደ።
እናቴ አመነች። እኔም፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣ አመንኩ።
ከዚያ ወዲያ በሰው ፊት ዋንጫ አላነሣም፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩ።

«አባቴ» አልኳት። «ሁለት እጁን።»
ብዕሯን አስቀመጠች።
«የፍርሃት አይደለም፤ የመጠጥም አይደል፤ መንቀጥቀጡ ራሱ ነው በሽታው፤
ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ ልክ እንደ ርስት ነው።»
ማሳው ቀርቶብኝ፣ ይኸኛው ርስት
ያለ ክርክር ደረሰኝ።

ፕሮፕራኖሎል። ግማሽ ፍሬ ጠዋት፣ ግማሽ ማታ።
«ሲነሡ ቀስ ይበሉ፤ የልብ ትርታዎን እናያለን።
አረቄው ያበድርዎታል እንጂ አያክምዎትም፤ ወለዱ ከባድ ነው።»
«ይድናል?»
«ይቀንሳል።»

ብዕሬን በጨርቅ ጠቅልዬ አወፈርኩት፤
ክርኔን ጠረጴዛው ላይ እንደ ካስማ ተከልኩት።
በሦስተኛው ሳምንት «ለ» ቆመች፣ ጎበጥ ብላ።
«ዐ» ግን እስካሁን ድንች ናት።

ዛሬ ዝናብ ነው። ባለጉዳይ የለም።
ላስቲኩ ላይ ውሃው ሲንጠባጠብ ካርቦን ዘረጋሁ፦

ለሚመለከተው ሁሉ።
አመልካች፦ ሟች አቶ ይርሳው፣ በወራሽ ልጃቸው በኩል።
ተጠሪ፦ የዚያን ቀን ሸንጎ፤ እኔም ጭምር።
ጉዳዩ፦ ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ።
ማስረጃ፦ አንድ የቀንድ አውጣ ሥዕል፣ ከነመንቀጥቀጡ ተያይዟል።
መሬቱን አንጠይቅም።
ያ እጅ አልዋሸም፤ ይኸው ብቻ ይጻፍልን።

የጠዋቷ ግማሽ ፍሬ ገና አልሠራችም ነበር።
ስሜን ስፈርም እጄ ዘለለና
መሐሉ ላይ ያላዘዝኩትን ነጠላ ሠረዝ ጣለበት፦

ልመንህ፣ ይርሳው።