ሲጠብቅ፣ ሲላላ

መዳፌን ዘርግታ ዘር ቆንጥራ ጣለች፣
ጥቁር አዝሙድ መሳይ። ምንም አልተናገረች።
ቋንቋ አልነበረንም፤ እኔ ከሜኮንግ ዳር
ለልጇ ተድሬ ሁለት ወሬ ነበር፤
እሷ ከቻንግኒዮንግ፣ ከኮሪያ ገጠር ያልወጣች፣
ማልሱን የተባለች፣
«ሴት በዚህ ይብቃን» ሲሉ ወላጆቿ፤
አልበቃም፤ ተከተሉ ሦስት እኅቶቿ።

መስከረም ሲጠባ፣ ሩዙ ሳይሰበሰብ፣
ከጓሮዋ ቆርሳ አበጀች አንድ መደብ፤
በጣቷ ፈር አውጥታ ዘሩን ነሰነሰች፣
ገለባ አቃጥላ አመዱን አለበሰች።
በሳምንቱ ወጡ፤
አንገት አቀርቅረው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣
ጫፋቸው ካፈር ውስጥ ከሥር ጋር ተቃቅፎ፤
ደግሞ ቀና ሲሉ፣ የዘሩን ቅርፊት
እንደ ቆብ ደፍተውት።

ስሜን ስትጠራ ሁልጊዜ ትስት ነበር።
በእኛ አገር አነጋገር
ሃን ጠበቅ ሲል ስም ነው፣ የእናቴ ምርጫ፤
ላላ ካለ ሽንኩርት፣ የሾርባ ማጣፈጫ።
ጓሮ ቆማ «ሃን! ሃን!» ስትለኝ አላልታ፣
ዞር ብዬ አያለሁ መደቡን ላንዳፍታ።
ቃል ስለቃቅም ከርሜ ይህን ብነግራት፣
መደቡ ዳር ቁጭ ብላ ሳቁ አላቆም አላት፤
ከዚያን ቀን ወዲህማ
ሽንኩርቱም ሃን ሆነ፣ እኔም ሃን፣ በሷ ቤት።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ የሩዝ ማሳው ውኃው ወጥቶ
ፕላስቲክ ለበሰ፣ በመስመር ተበሳስቶ።
ችግኙን ነቀልን።
አውራ ጣቷን ከሌባ ጣቷ አቀራርባ ልኩን አሳየችኝ፦
ከክብሪት እንጨት የቀጠነ፣ ውርጭ ይበላዋል፤ ተዪው።
ከእርሳስ የወፈረ፣ ቸኩሎ ያብባል፤ ጣዪው።
መካከለኛውን አንስታ፣
ሥሩን በጥፍሯ ከርክማ፣
«ይህን» አለች። «ይህን።»

ትራስ ከመቀመጫችን ላይ በገመድ አስረን፣
እንደ ዳክዬ እየዳኽን፣ በየቀዳዳው ጣት ሰደን፣
አንድ አንጓ ያህል፤ አንገቱ እንዳይቀበር፤
ደግሞ ሌላው፣ ደግሞ ሌላው፣ እስከ ማሳው ድንበር።
ባሏ በሕይወት ሳለ፣ አንድ ዓመት ዋጋው ወድቆ፣
የደረሰውን ሽንኩርት አረሰው ትራክተር ለቆ፤
ሽታው እስከ ሐምሌ ከመንደሩ አልወጣም።
«አለቀስን» አለችኝ፣ «ሽንኩርት ነው፤ አያሳፍርም።»

ካሜራ ያነገተ አንድ የወረዳ ሰው
«አንቺም እንደ ችግኙ ነሽ!» አለኝ፤ ደግ ሰው ነው፤
«ከሌላ መሬት ተነቅለሽ፣ እዚህ ሥር ሰደድሽ!»
እኔ ግን በሆዴ፦
ችግኝን ማን ጠይቆት?
እኔ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት፣
መስኮት ዳር መርጬ።
ማልሱን ጮኸችበት። ቃሉን ሁሉ አልያዝኩትም፣
«ሦስት ችግኝ ረገጥክ» ነው መሰለኝ።

በታኅሣሥ ግግር በረዶ ላይ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ።
ከተማ ሆስፒታል ተኛች።
የካቲት ላይ መሬቱ፣ ሌሊት እየጠጠረ
ቀን እየሟሟ፣ ችግኙን ወደ ላይ ገፈተረ፤
ሥራቸው ነጭ፣ እርጥብ፣ አየር ላይ ቀረ።
ይህን ማንም አላሳየኝም።
ተንበርክኬ፣ አንድ በአንድ፣ በአውራ ጣቴ መለስኩት፣
ዙሪያውን አፈር አጠበቅኩት።
ስልኩ ሲጮኽ ስድስተኛው መስመር ላይ ነበርኩ፤
በጭቃ እጄ አነሳሁት።

«ሃንስ?» አለች።
ድምፅዋ ቀጥኗል፤ ይጥበቅ ይላላ አልለየሁትም፣
እኔን ትበል ሽንኩርቱን።
ማሳውን አየሁት።
«አለን» አልኳት፤
«ትንሽ ጠመም ብለን ነው እንጂ፣ አለን።
አሥራ አንድ መስመር ይቀረናል።»