ሁለት ብር ለአንድ ሌሊት

ከወደቡ አጥር ጥግ፣ ከዋርካው ሥር፣
ይርዳው ሸራ ዘርግቶ መጽሐፍ ያከራይ ነበር።
ሁለት ብር ለአንድ ሌሊት፤ መያዣው የተማሪ ካርድ፤
ሲመለስለት ገጽ ቆጥሮ ነው የሚፈርድ።

አንድ ሽፋን የሌለው ነበር፣ በሲሚንቶ ወረቀት የተለበደ፣
ከስንቱ ኩራዝ ጋር አምሽቶ ጠርዙ የነደደ።
ርዕሱን የሚያውቅ የለም፤ «ያ የፈረሰኛው» ነበር የምንለው፣
ወረፋ ይዘን፣ ተኳርፈን፣ በተራ የምንወስደው።

ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቴ። ጠዋት ዓሣ እበልታለሁ፣
ቅርፊት እንደ ሳንቲም ተለጥፎብኝ ከክፍል እገባለሁ፤
ማታ ግን ከግራዝማች ሽባባው ኋላ ተፈናጥጬ
በጨለማ ወንዝ እሻገራለሁ፣ ትንፋሼን ውጬ።
ከደቅ በኩል ነፋስ ሲነሣ፣ ማዕበሉ ድንጋዩን ሲመታ፣
ኮቴ ነው እላለሁ፤ ብርድ ልብሴን እስባለሁ በዝግታ።

ምን ነበር እንደዚያ የያዘኝ? ጎራዴው አልነበረም፤
ነጋሪት ቢጎሰምልኝ ከአልጋዬ አልነሣም፣ ዘንድሮም።
ይልቅ ሰዎቹ ሲሄዱ ወዴት እንደሆነ ማወቃቸው፣
ከወንዝ ማዶ አንድ ምሽግ፣ አንድ ቁርጥ ቀን ማግኘታቸው።
በእኛ ሰፈር ማንም ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር፤
ብስክሌቱ እንኳ ሲዞር ይውላል፣ ከጊዮርጊስ እስከ ጊዮርጊስ በር።

ደግሞም ጦርነቱ ምዕራፍ አለው። የገጹን ጫፍ ካጠፍሁለት
ይጠብቀኛል፦ ፈረሱ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ጎራዴው ከአፎት
እስከ ግማሽ ወጥቶ። እናቴ «ውሃ ቅዳ» ብላ ስትጠራኝ
አንድ ሺህ ሰው በቆመበት፣ እስክመለስ የሚያየኝ።

በዳርቻው ግን የሌላ ሰው ጽሕፈት ነበረበት፣
በእርሳስ፣ ደቃቅ፣ ፊደሉ እንደ ሰልፈኛ የቆመበት።
«ሦስት ቀን ሲጓዙ የማንም እግር አልተላጠም?»
«ውሃውን ማን ተሸከመ?»
«የቆሰለ ሰው እንዲህ ረዥም አያወራም።»

ይርዳውን ጠየቅሁት። በአገጩ ጠቆመኝ፦ የዓሣ ማኅበሩ በር፣
አሥር አለቃ ቸኮል፣ ካፖርት ደርቦ እዚያው የሚያድር።
ቀኝ ጆሮው አይሰማም። በግራው ዞሬ ተቀመጥሁ።
«ይህን ሁሉ ስሕተት አግኝተው ለምን ያነቡታል?» አልሁ።

ዝም አለ። ከደንገሉ ውስጥ ጉማሬ ተነፈሰ፣
የጎርጎራው ጀልባ መብራቱን አብርቶ እየተንፏቀቀ ደረሰ።
«ሰባት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለ።
«አንድ ነጋሪት መቺ ልጅ ይሞታል፤ ስሙ ይበልጣል፤
እናቱ ማን እንደሆነች፣ ምን መብላት እንደሚወድ ተጽፏል።
ለአንድ ልጅ ሁለት ገጽ ሙሉ! የእኔዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ፤
ለሁሉም አንድ መስመር ነው የደረሳቸው፤ እሱም ቁጥሩ።»

መጨረሻው ተገንጥሏል። ይርዳው «ቆሎ ተጠቀለለበት» ይላል፤
ሽባባው ከገደሉ አፋፍ፣ ልጓሙን እንደ ሳበ ይቀራል፤
ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ፦ «ያን ጊዜ ወደ ኋላው ዞረና...»
አንዱ ያነግሠዋል፣ አንዱ ይገድለዋል እንደገና፤
እኔ የጠላቱን አለቃ ልጅ ድሬለት ነበር፤ አፍራለሁ።
አሁን አርባ ሊሞላኝ ነው፤ እዚያው ወደብ ቲኬት እቆርጣለሁ።

ይርዳው ሸራውን ሲያጥፍ መጽሐፉ ለእኔ ደረሰኝ፤
የሲሚንቶውን ወረቀት ስገልጠው ውስጡ ጽሕፈት ጠበቀኝ።
ያው እርሳስ፣ ያው ደቃቅ ፊደል፣ ከተቋረጠው ቀጥሎ፦
«...ሰዎቹን ቆጠረ። ሁሉም ነበሩ» ብሎ፤
ዝቅ ብሎም፦ «ቤቱ ገባ። እግሩን ታጠበ። ተኛ።»
ይህን የጻፈው ደራሲ አይደለም፤ የበረዶ ቤት ዘበኛ።

ማታ ከደሴቶቹ የሚመለሰውን ጀልባ ስቀበል፣ እኔም
ሳላስበው ሰው እቆጥራለሁ። ያዘዘኝ ማንም የለም።